በአጥር ውስጥ ከአሥር ሺሕ በላይ፣ በዱርስ? የያንግትዜው አሊጌተር ጉዳይ

ሸንበቆ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር የመስኖ ምህንድስና በተማርሁባቸው ዓመታት በሹዋንቼንግ ከተማ አጠገብ ያለውን የአሊጌተር ማራቢያ ማዕከል ሁለት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። ስለዚህ እንስሳ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ብዙም ስላላገኘሁ ያየሁትንና ያነበብሁትን እዚህ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አሊጌተር የሚባለው እንስሳ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ረግረጎች የሚኖረው ትልቁ ነው። ሌላው ከያንግትዜ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ በስተቀር በዱር የትም የማይገኘው ትንሹ የቻይና አሊጌተር ነው። የአካባቢው ገበሬዎች «የአፈር ዘንዶ» ይሉታል። የዓመቱን ግማሽ ያህል ከመሬት በታች የሚያሳልፍ ፍጥረት ስለሆነ ስሙ ያምርበታል።

ቁመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ሁለት ሜትር የሚያልፍ እምብዛም አይገኝም። አፉ አጭርና ሰፊ፣ የአፍንጫው ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። በላይኛው የዓይን ሽፋኑ ውስጥ አጥንት አለ፤ ከቅርብ ሲታይ ሁልጊዜ ቅንድቡን የቋጠረ ይመስላል። የኋላ ጥርሶቹ ደነዝ ናቸው፤ ቀንድ አውጣና የወንዝ ዛጎል ይሰብርባቸዋል። ዓሣም፣ ነፍሳትም፣ አይጥም ይበላል፤ ካገኘ ዳክዬም አይተውም። ሰውን ግን አድኖ አይበላም።

ብርዱ ሲጀምር፣ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ወደ ጎሬው ይገባል፤ የሚወጣውም በሚያዝያ ነው። ጎሬው ተራ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ በላይ መግቢያ አለው፤ መተላለፊያው አሥርና ሃያ ሜትር ይሄዳል፤ ውስጡ ሰፋ ያለ ማረፊያና ውሃ የያዘ ጎድጓዳ አለው። ውጭው በረዶ ሲሆን እሱ እዚያ ውስጥ ሳይበላ፣ የልብ ምቱን ቀንሶ ይተኛል።

ሳይንስ ይህን እንስሳ የመዘገበው በ1879 ነው፤ የገለጸው በቻይና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ፈረንሳዊ አልበርት ኦገስት ፎቬል ነው። የሹዋንቼንግ ማዕከል የተቋቋመው ደግሞ በ1979 ነው። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ዓለም በወጉ ካወቀው በመቶኛው ዓመት ከመጥፋት ለማዳን ሩጫ ተጀመረ ማለት ነው። ማዕከሉ ከዱር በተሰበሰቡ ሁለት መቶ በሚሆኑ እንስሳት ጀምሮ ዛሬ ከ10,000 በላይ አድርሷል።

ለዚህ ሥራ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ጆን ቶርብጃርናርሰንና ዋንግ ሺያዎሚንግ የመሩት ቡድን በ1999 ኩሬ ለኩሬ እየዞረ ሲቆጥር በዱር የቀሩት ከ150 የማይበልጡ መሆናቸውን አረጋገጠ። በአጥር ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ እየተባዙ በነበሩበት በዚያው ጊዜ ማለት ነው! የተቀሩትም አንድ ላይ አልነበሩም፤ እዚህ ኩሬ ሁለት፣ እዚያ ኩሬ አምስት ሆነው በሩዝ ማሳ መካከል ተበታትነው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እንስሳው በአጥር ውስጥ ስለበዛ «ዳነ» ማለት ይቻላል? እኔ አይቻልም ባይ ነኝ። እናንተስ?

የጫሞ ልጅ

ወንድሜ ሸንበቆ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ከአዞ ጋር ነው ያደግሁት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጫሞ ሐይቅ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ላይ በጀልባ ስናልፍ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ቆጥረን አንጨርሳቸውም ነበር። ከተማችን አጠገብም የአዞ እርባታ አለ፤ ጫጩቶቹን በገንዳ እንደየዕድሜያቸው ለይተው ሲያሳድጉ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ተሰልፈን ሄደን አይተናል።

የእኛ አዞ አምስት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዓሣ አጥማጅ ይወስዳል፣ ውሃ ልትቀዳ የወረደች እናት ይወስዳል። ስለዚህ «ሰው የማይበላ» ስትል ለመቀበል ትንሽ ከበደኝ። በአዞና በአሊጌተር መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በአማርኛ ሁሉንም አዞ ነው የምንላቸው።

ሸንበቆ

የጫሞ ልጅ፣ ደግ ጠየቅህ። መጠኑን ትተን አፉን ዝጋና ተመልከት። የጫሞው አዞ አፉን ሲገጥም በታችኛው መንጋጋ ያለው አራተኛው ጥርስ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። የአሊጌተር ግን በላይኛው መንጋጋ ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ስለሚገባ አይታይም። የአዞ አፍ ወደ ፊት እየቀጠነ ይሄዳል፤ የአሊጌተር ድፍን ያለ ነው። አዞ በምላሱ ላይ ጨው የሚያስወጡ ዕጢዎች ስላሉት ባሕር መሻገር ይችላል። አሊጌተር በዚህ በኩል ደካማ ነው፤ ጨው የሌለበት ውሃ ካጣ አይበረክትም። ለዚህም ነው የቻይናው አሊጌተር ቅድመ አያቶች ከሰሜን አሜሪካ ወደ እስያ የተሻገሩት በባሕር ሳይሆን ያኔ በነበረው የየብስ መሸጋገሪያ በኩል ነው ተብሎ የሚታሰበው።

ጎጆውም ይለያል። የጫሞዋ እናት አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች። የቻይናዋ ግን ሣርና ቅጠል ከምራ ጉብታ ትሠራለች። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ከ10 እስከ 40 የሚደርስ እንቁላል ከክምሩ መሐል ትጥላለች። ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚሰጠው ሙቀት እንቁላሉን ለ70 ቀናት ያህል ያሞቀዋል። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነውም በዚሁ ሙቀት ነው፤ 30 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን ሴቶች ይበዛሉ፣ ወደ 33 ሲጠጋ ወንዶች።

ድምፁን ደግሞ ልንገርህ። ሹዋንቼንግ የሄድሁት በሰኔ ነበር፤ ማለዳ፣ ጭጋግ ገና ከኩሬው ላይ ሳይነሣ። ኩሬው በአረንጓዴ የውሃ ቅጠል ተሸፍኖ ነበርና መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ድንገት አጠገቤ ካለው ዳርቻ አንዱ ራሱንና ጭራውን ከውሃ ብቅ አደረገ፤ ጉሮሮው ተነፋ። ድምፅ ከመስማቴ በፊት በጀርባው ላይ ያለው ውሃ እንደሚፈላ ድስት ጠብ ጠብ እያለ ሲዘል አየሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ ነው የሚመስለው። ከወዲያ ማዶ ሌላው መለሰ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ወንዱም ሴቷም ያገሳሉ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ኩሬው በሙሉ ሲያገሳ የቆምሁበት የእንጨት ድልድይ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ እንደ ጀመረው ሁሉ ድንገት ጸጥ አለ።

የፎገራው መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብሁት። እኔ በፎገራ ባዮሎጂ ያስተማርሁ፣ በትርፍ ጊዜዬም ሩዝ የማለማ ሰው ነኝ። እስቲ ከገበሬው ወገን ሆኜ ልናገር።

ሩዝ ማለት ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚይዘው ክትሩ ነው። ክትር አንድ ሌሊት ከተሸነቆረ ማሳው ጠዋት ደርቆ ይገኛል። የታችኛው ጎረቤትህ ማሳ ደግሞ ተጥለቅልቆ ይጠብቅሃል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። በእኛ ዘንድ አይጥ የሚሠራትን ትንሽ ቀዳዳ እንኳ በጭቃ ስንደፍን ነው የምንውለው። ሃያ ሜትር ጎሬ የሚቆፍር እንስሳ በክትሬ ውስጥ ቢገባ ምን እንደማደርገው በእውነት ልንገራችሁ፤ አካፋ ይዤ ነው የምወጣው። የቻይና ገበሬም ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል። ዳክዬውንም ይበላበታል ብለሃል።

ስለዚህ «ገበሬው ጨካኝ ነው» በሚል ስሜት እንዳንነጋገር እለምናችኋለሁ። የእኛንም ነገር እዩ። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ከገባ ገና አምስት ዐሥርት ዓመት ነው። ኑሯችንን ለውጦታል፤ ልጆቻችንን አስተምረንበታል። ነገር ግን የወላላና የሸሸር ረግረጎች ከዓመት ዓመት ሲጠቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ሳለሁ ወፎች በመንጋ የሚያርፉበት ቦታ ዛሬ ማሳ ነው። ያረስነው እኛው ነን። ወፎቹን ስለጠላናቸው አይደለም።

ጥያቄዬ ለሸንበቆ ነው። እዚያ ለዱር የተተዉት ኩሬዎች የማን ናቸው? ውሃቸውን የሚያዝዝባቸው ማን ነው?

ሸንበቆ

መምህር፣ የነገሩን ሥር ነው የነኩት። እኔን እንደ መስኖ ተማሪ ያሳሰበኝም ይኸው ነበር።

በአንሁዊ የተከለለው የጥበቃ ቦታ በወረቀት ላይ 433 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። ለአሊጌተሩ ብለው የለዩት ግን በዚያ ሰፊ ክልል ውስጥ 13 ቦታዎችን ነው፤ አብዛኞቹም ትንንሽ ኩሬዎች ናቸው። የተቀረው መንደር፣ ማሳና የጥድ ተክል ነው። ኩሬዎቹም ከጥንት የነበሩ ሐይቆች አይደሉም፤ በኮረብታ መካከል ባሉ ሸለቆዎች ለሩዝ መስኖ የተገደቡ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው። እንስሳው በመጀመሪያ የኖረው በወንዙ ዳር በተዘረጋው ሜዳማ ረግረግ ነበር። ያ ሜዳ ለሺሕ ዓመታት ሲታረስ እየገፋው፣ እየገፋው፣ እነዚህ ከፍታ ላይ ያሉ ኩሬዎች ጋ አደረሰው።

ውሃውን የሚያዝዘው እርስዎ እንደሚሉት ገበሬው ነው። ድርቅ ሲሆን ኩሬውን ወደ ማሳው ይለቀዋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ዳርቻውም እስከ ውሃው ድረስ ስለሚታረስ ሴቷ ጎጆ የምትከምርበት ሣር የለበሰ ጥግ አታገኝም። እንስሳው በጥይት ወይም በአካፋ ባይሞት እንኳ ልጅ ሳይተካ አርጅቶ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በአጎራባቹ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ቻንግሺንግ በሚባል ወረዳ፣ በዚያው በ1979 የጥበቃ ቦታ የጀመሩት የዪንጂያቢያን መንደር ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ አካፋ የያዘው ገበሬም፣ ኩሬ የቆፈረለት ገበሬም ከአንድ ሕዝብ የወጡ ናቸው።

ሐኪሟ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ገበሬውና ክትሩ ብዙ ተነግሮላቸዋል፤ እኔ ስለ ቀንድ አውጣ ልናገር፤ ከአገራችንም ጋር የሚያገናኘን ነገር አለው።

ቢልሃርዝያን ሁላችንም እናውቃታለን። ጥገኛ ትሏ በሰው ገላ ከመግባቷ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለባት። በያንግትዜ ተፋሰስ ይህ በሽታ ሚሊዮኖችን ሲያሠቃይ ኖሯል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቻይና መንግሥት በቀንድ አውጣዎቹ ላይ ታላቅ ዘመቻ ከፈተ፤ ረግረግ እንዲደርቅ ተደረገ፣ ቦይ ተደፈነ፣ ሶዲየም ፔንታክሎሮፌኔት የተባለ መርዝም በውሃው ላይ ተረጨ። ዘመቻው የሰው ሕይወት አትርፏል፤ እንደ ሐኪም ልነቅፈው አልችልም። ያ መርዝ ግን ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይገድልም። ዓሣውም አለቀ። ምግቡ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሆነው አሊጌተርም ከሁለት በኩል ተመታ፤ አንድም በመርዙ፣ አንድም በረሃብ።

እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። በ1964 ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ከዚያች ቀን አንሥቶ እንዶድን ለቢልሃርዝያ መከላከያ ለማዋል ዕድሜውን ሰጠ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ነገር ግን በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል። በፋብሪካ የተሠራው መርዝ እንደዚያ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገሬ የደም ጉዳይ ነው። ሸንበቆ የጠቀሳቸው ከአሥር ሺሕ በላይ እንስሳት ሁሉ ከጥቂት ወላጆች የተባዙ ናቸው። ዝምድናቸው ቅርብ ነው። አንድ በሽታ ቢገባ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ያገኛቸዋል። የዱሮቹ 150 ባይሆኑ 50 ቢሆኑ እንኳ እኔ ስለ እነሱ ደም ነው የምጨነቀው።

ባዩ ዳር (ከሉዊዚያና)

ከአገር ከወጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የምኖረው በሉዊዚያና ነው። የታላቁ አሊጌተር አገር ማለት ነው። በየቦዩ፣ በየጎልፍ ሜዳው፣ አንዳንዴም በሰው ጓሮ ይታያል።

እዚህም አንድ ጊዜ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ለቆዳው ሲባል ያለ ልክ ታደነ። በ1962 ሉዊዚያና አደኑን ዘጋች፤ በ1967ም በፌደራል ደረጃ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰ ተብሎ ተመዘገበ። በ1987 ግን ሙሉ በሙሉ አገግሟል ተባለ። እንዴት ሆነ? እዚህ የባሕር ዳር ረግረጉ አብዛኛው የግል ይዞታ ነው። መንግሥት ለባለ ርስቱ «አትንካ» ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ከእንስሳው እንዲጠቀም አደረገው። ከ1972 ጀምሮ በካሜሮን ወረዳ በኮታ የሚካሄድ አደን ተፈቀደ። ቀጥሎ የእንቁላል ሥርዓት መጣ፤ አርቢው ከባለ ርስቱ እንቁላል ይገዛል፣ በሙቀት ክፍል ያስፈለፍላል፣ ያሳድጋል። ከዚያ ካደጉት ውስጥ የተወሰነውን ክፍል ወደዚያው ረግረግ የመመለስ ግዴታ አለበት። ባለ ርስቱም ረግረጉን አድርቆ ለሌላ ነገር ከማዋል ይልቅ እንዳለ ቢያቆየው ገቢ ያገኝበታል።

የቻይናውም እንግዳ አይደለም። እዚሁ ሉዊዚያና የሚገኘው የሮክፌለር የዱር እንስሳት መጠለያ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቻይናውን አሊጌተር አራብቷል። ትንሹ ዘመድ በታላቁ አገር ወለደ ማለት ነው።

ታዲያ የፎገራው መምህር ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ እላለሁ። ለገበሬው ከእንስሳው ጥቅም ስጡት፤ ክትሩን ራሱ ይጠብቅለታል።

ሐኪሟ

ወንድሜ ባዩ ዳር፣ የሉዊዚያናው ሥራ ያስደንቀኛል፤ ግን እንዳለ ገልብጠን ወደ አንሁዊ የምንወስደው አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ምክንያት ቆዳው ነው። የታላቁ አሊጌተር የሆድ ቆዳ ለስላሳና ሰፊ ስለሆነ ለቦርሳና ለጫማ ይፈለጋል። የቻይናው የሆድ ቆዳ ግን ከውስጡ የአጥንት ቅርፊት አለው፤ ለፋቂ አይመችም፣ እንስሳውም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ሉዊዚያና ኮታ ስትፈቅድ በረግረጓ ብዙ እንስሳ ነበራት። በአንዲት ኩሬ ሦስት አሊጌተር ካለ የምን ኮታ ነው የሚሰጠው? አንዷን እናት ማጣት የኩሬዋ መጨረሻ ነው።

ቻይናም ንግዱን ሞክራዋለች። ከ1992 ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ማዕከሉ ውስጥ የተወለዱትን እንዲሸጥ ፈቅዷል። የእርባታ ገቢ ግን በአጥር ውስጥ ያለውን ነው የሚቀልበው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ኩሬ በራሱ አይጠብቃትም።

የፎገራው መምህር

ልጄ ሐኪሟ ልክ ነች፤ ባዩ ዳርም ሐሳቡን አይጣልብን። ቆዳው ባይሸጥም ሌላ መንገድ ይኖራል። ለምሳሌ ውሃ። እኔ ገበሬ ሆኜ «ኩሬህን በድርቅ ጊዜ አትልቀቅ» ብትለኝ እምቢ እላለሁ። «ከላይ ሌላ ማጠራቀሚያ እንሥራልህ፣ ይቺኛዋን ለእንስሳው ተዋት፣ ዳርቻዋን አትረስ፣ ላጣኸው ምርትም ይኸው ካሣህ» ብትለኝ ግን ቁጭ ብዬ አዋይሃለሁ። ጎረቤቶቼም ያዋዩሃል። በወላላና በሸሸር እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው አላስታውስም።

የጫሞ ልጅ

መምህር፣ ይህን ሲሉ የእኛ ዓሣ አጥማጆች ትዝ አሉኝ። አዞ መረባቸውን ይቀድባቸዋል፤ አዲስ መረብ የሚገዛላቸው ግን የለም። ከዚያ ስለ አዞ ጥበቃ ትምህርት ሊሰጣቸው ሰው ይመጣል። በትሕትና ያዳምጣሉ። ሲሄድ ምን እንደሚሉ እኔ ነኝ የማውቀው።

መረዋ

ጉዳዩ ከሳይንስ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ፍቀዱልኝ። በቤተ ክርስቲያን ከበሮ የምመታ ሰው ነኝና ስለ ጥንታዊ ከበሮዎች ማንበብ እወዳለሁ። በሰሜን ቻይና ሻንሺ ክፍለ ሀገር ታኦሲ በሚባል የቁፋሮ ቦታ አራት ሺሕ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ከበሮዎች በመኳንንት መቃብር ውስጥ ተገኝተዋል። ግንዱ ተቦርቡሮ፣ ውጭው በቀለም አጊጦ። ቆዳው በዘመን ብዛት በስብሶ ጠፍቷል፤ በከበሮው ውስጥ የወዳደቁት ትንንሽ የአጥንት ቅርፊቶች ግን የአሊጌተር ሆነው ተገኙ። የከበሮው ፊት የአሊጌተር ቆዳ ነበር ማለት ነው።

ሸንበቆ ስለ ድምፁ የጻፈውን ሳነብ ገባኝ። እንደ ነጎድጓድ የሚያገሳውን እንስሳ ቆዳ ወጥረው ነጎድጓዱን ደግመው ለመስማት ፈልገው ይሆን? የእኔ ግምት ነው። ከበሮ የሚመታ ሰው ግን ይህን አያጣውም ብዬ አስባለሁ።

ሸንበቆ

መረዋ፣ እንኳን ጻፍህልን። ያንን ማለዳ ዳግመኛ አስታወስኸኝ። ሐኪሟ የጠቀሰችው ቅርፊት ቆዳውን ለገበያ የማይመች ሲያደርገው፣ አራት ሺሕ ዓመት ተቀብሮ ምስክር የሆነውም ያው ቅርፊት ነው።

አዲስ አንባቢ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁሉንም አነበብሁት። ጋሼ ሸንበቆ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። በማሽን የተፈለፈለ፣ በገንዳ ውስጥ ሰው እያበላው ያደገ አሊጌተር ወደ ዱር ቢለቀቅ ጎሬ መቆፈርንና ጎጆ መሥራትን ማን ያስተምረዋል? እናቱን እኮ አያውቃትም።

ሸንበቆ

ጥያቄህን ይዤ ሁለት ቀን ከረምሁ። ላነሣው ፈልጌ ከሌላው ነገር ብዛት ሳላነሣው የቀረሁትን ነው የጠየቅኸኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ማዕከሉን የጎበኘሁት በመፈልፈያው ወቅት ነበር። ክፍሉ ይሞቃል፣ የረጠበ ሣር ይሸታል። እንቁላሎቹ በሣር ተነጥፈው በሣጥን ተደርድረዋል። አጎንብሼ ሳዳምጥ ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፅ ይወጣል፤ አጭር፣ የታፈነ፣ ከአንዱ እንቁላል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ጥሪ። በዱር ቢሆን ይህን ጥሪ የምትሰማው እናታቸው ናት፤ ሰምታም ጉብታውን በእግሯ ትበትነዋለች። እዚያ ግን ሠራተኛው ነው የሚሰማው። አንዱን እንቁላል አነሣ፤ ቅርፊቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀስ ብሎ ላጠና ጫጩቱን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ቁመቱ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጥቁር፣ ቢጫ መቀነት የታጠቀ፤ ክብደቱ የአንድ እስክርቢቶ ያህል እንኳ አልመሰለኝም። በአፍንጫው ጫፍ ላይ ቅርፊቱን የሚሰብርባት ትንሽ ነጭ ነጥብ ነበረች። መዳፌ ላይ ሆኖ መጣራቱን አላቆመም። የሚጣራው ማንን እንደሆነ እያወቅሁ ምንም ላደርግለት ባለመቻሌ ያኔ በጣም አዘንሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በ2003 ሦስት አሊጌተሮች በአንሁዊ ሆንግሺንግ በሚባል ቦታ ወደ ዱር ተለቀቁ፤ የት እንደሚሄዱ የሚናገር የሬድዮ መሣሪያ ታስሮላቸው ነበር። ሦስት ብቻ። እኔ ቁጥሩን ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ጥንቃቄያቸው ገባኝ። ከ2006 ጀምሮ ጋኦጂንግሚያኦ በሚባል የደን ይዞታ ውስጥ ኩሬዎች ተዘጋጁላቸውና በየጊዜው ይለቀቁ ጀመር። እዚያ የሩዝ ገበሬ ውሃውን አይሻማቸውም፤ መምህር ያሉት ማለት ነው፣ የእነሱ የሆነ ውሃ። በ2007 ስድስት በሻንጋይ አጠገብ በቾንግሚንግ ደሴት ረግረግ ተለቀቁ፤ ሦስቱ ከቻንግሺንግ፣ ሦስቱ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ሐኪሟ ስለ ደም ያለችውን አስበውበት ነው። በ2019 ደግሞ በአንድ ዓመት 120 ተለቀቁ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት አድጎ የተለቀቁት በድምሩ ከሺሕ አልፈዋል። ወንዙ ውስጥ አብሮት የኖረው ነጭ ዶልፊን ይህን ዕድል አላገኘም፤ በ2006 ስድስት ሳምንት ተፈልጎ አንድም አልታየም።

ማን ያስተምራቸዋል አልኸኝ። ማንም። በጋኦጂንግሚያኦ የተለቀቁት በብርዱ መግቢያ ክትር ዳር ሄደው ቆፈሩ፤ በሚያዝያም ወጡ። ሴቶቹ በሰኔ ሣርና ቅጠል እየጎተቱ ከመሩ። ጎጆ አይተው አያውቁም፤ የተወለዱት እኔ ባየሁት ዓይነት ሣጥን ውስጥ ነው። ከክምሩ መሐል እንቁላል ጣሉ፤ በመስከረምም ጫጩቶች ተፈለፈሉ።